ያዘመመው መንጋጋ

ሬሳውን መጀመሪያ ያዩት አባ ኮዳዎቹ ናቸው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት ጠዋት የሚጣለውን የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት እየተጋፉ የሚሻሙት እነዚያ ረጃጅም አሞሮች፣ የዚያን ማክሰኞ ገበያውን ትተው ሐይቁ ዳር የበቀለው ረጅም ሣር፣ ፊላው ዘንድ ሄደው ተገተሩ። አባ ኮዳ ቁርሱን ትቶ የሚሄደው ከቁርስ የበለጠ ነገር ሲያገኝ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ተከተሏቸው፤ ፊላውን ገለጥ ሲያደርጉም ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ አገኙ።

ኢንስፔክተር ታቢታ ስትደርስ ሬሳው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ፊቱ በነጠላ ተሸፍኗል። ውኃ ያሳበጠው ፊት የማንም ሊሆን ይችላል። ጃኬቱ ግን የአንድ ሰው ነበር። ክርኑ ላይ ተቀዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ሐይቅ ዳር የሚውል ሰው ሁሉ ያንን ቀይ ክር ያውቀዋል። የጀልባ ነጂው የያቤጽ ነው። ያቤጽ ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ጠፍቶ እናቱ ወይዘሮ ተዋበች በየጸሎት ቤቱ ሲያስጸልዩ ሰንብተዋል።

የወይዘሮ ተዋበች ታናሽ ወንድም፣ የጀልባው ባለቤት በኃይሉ፣ ሰው እየገፋ ገባ። ፀጉሩ የሸበተ ረጅም ሰው ነው። ነጠላውን ከፍ አድርጎ አየና ወዲያው መልሶ ሸፈነው።

«እሱ ነው፤ የእህቴ ልጅ ነው» አለ።

«በምን ለዩት ጋሼ በኃይሉ?» አለችው ታቢታ ቀስ ብላ።

«ጃኬቱን እያየሽው! ደግሞ አፉን ክፈቱና እዩ። በግራ በኩል ከታች አንድ መንጋጋው የለም። ከጥምቀት በኋላ ራሴ ነኝ በባጃጅ ወስጄ ያስነቀልኩት።»

ሳጅን ሱሌይማን ጓንቱን አጠለቀና አየ። ሱሌይማን ከጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ የወጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለደም። «አዎ፣ ከታች በግራ፣ የለም» አለ።

ነገሩ በዚህ አለቀ ተባለ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ኤልናታን የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ተይዞ ጣቢያ ገባ። ሐሙስ ዕለት ገበያው መሀል ያቤጽን በጥፊ ሲያጮለው ያላየ አልነበረምና።

*

ሆስፒታል ውስጥ ተረኛው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ነገራት። የሟቹ የራስ ቅል ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ውኃ ውስጥ ሳይገባ በፊት በከባድ ነገር ተመትቷል። ውኃው ውስጥ ቀናት ቆይቷል። የጣቶቹ ቆዳ ተልጦ ስለነበር አሻራ አይነሳም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው ናሙና ደግሞ መልሱ ሳምንታት ይፈጃል።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ታቢታ። «ዘመዱን የሚለይ ሰው ጠባሳ ያሳያል፣ ፀጉር ያሳያል፣ እጁን ያሳያል። መንጋጋ የሚያስበው ማነው?»

«እጁን ይዞ ያስነቀለው ሰው ነዋ!» አለ ሱሌይማን።

መልሱ ትክክል ነው። ታቢታ ግን ያልገባትን ነገር እንዳላየች ማለፍ የማትችል ሴት ናት። ባሏ አብሯት ገበያ መሄድ ካቆመ ቆይቷል፤ ሽንኩርት ሊገዙ ሄደው ስለ ሚዛኑ አሠራር ስትጠይቅ ይመሽባቸዋል። አሁንም የስልኳን መብራት አብርታ በሟቹ አፍ ላይ አጎነበሰች።

ክፍቱ ቦታ አለ። ከክፍቱ ኋላ ያለው መንጋጋ ግን ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ፊት አዝምሟል። ከላይ ደግሞ፣ ከክፍቱ ትይዩ ያለው ጥርስ ከጓደኞቹ በልጦ ወደ ታች ወርዷል። በግራ በኩል ያሉት ጥርሶች በሙሉ ድንጋይ የመሰለ ቢጫ ቆሻሻ ተጋግሮባቸዋል። የቀኞቹ ንጹሕ ናቸው፤ ጫፋቸው ግን ተፍቆ ተልጓል።

«ይኼ ምን ማለት ነው?» ብላ ሐኪሙን ጠየቀችው።

«እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ ብገምት እሳሳታለሁ።»

ፎቶ አነሳችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ።

«ኢንስፔክተር፣ ሬሳ ፈገግ በል እየተባለ ፎቶ ሲነሳ ዛሬ ገና አየሁ» አለ ሱሌይማን፤ ሐኪሙ ሳያስበው ሳቀና አፈረ። ጥርስ ባዳ ነው።

*

ጣቢያው በር ላይ የኤልናታን ሚስት ሶልያና የምግብ ሳህን በፌስታል ይዛ ቆማለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ልትወልድ የቀራት ጥቂት ነው።  ዓይኗ ታቢታን እስከ ምርመራው ክፍል ድረስ ተከተላት።

ኤልናታን ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጸሎት ቤት ከበሮ የሚመታ ሰው ነው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል።

«መታኸው?»

«ሐሙስ ዕለት አንድ ጥፊ። አልዋሽም።»

«ለምን?»

«በጠባቡ መረብ ነዋ። እሱና አጎቱ ጣት የማያስገባ መረብ እየጣሉ የዓሣውን ጫጩት ይጠርጋሉ። ነገ ልጆቻችን ምን ሊያጠምዱ ነው? ነገርኩት፣ ሰደበኝ፣ አጮልኩት። ጉንጩን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለካ ጥርሱ የተነቀለበት ቦታ ገና አልዳነም፤ ደም ተፋ። አንጀቴን በላውና ወዲያው ይቅርታ ጠየቅሁት።»

«ዓርብ ወደ ማታ የት ነበርክ?»

«ሐይቅ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ቆሮሶ ዓሣ መጥቶ አይመሰክርልኝ!» አለ። «እኔ እስሩን አልፈራም ኢንስፔክተር። የሰፈሩ ጎረምሶች ከቀብር መልስ ቤቴን እንደሚያቃጥሉ ለሶልያና ነግረዋታል። የት ትሂድ? በዚህ ሆዷ የት ትሂድ?»

ታቢታ ለጥበቃ ፖሊስ እንደምትልክ ነግራው ወጣች።

አለቃዋ ኮማንደሩ በበኩሉ ደስ ብሎት ነበር። የያቤጽ ስልክ ቅዳሜ ዕለት ዲላ ከተማ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ተከፍቶ መዘጋቱ ታውቋል።

«ኤልናታን ዓሣ የሚጭነው ለማን ነው? ለዲላ ነጋዴዎች!» አለ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ። «ገድሎ፣ ስልኩን ዓሣውን በሚወስደው ሹፌር እጅ ልኮ ሸጦታል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ጥርስ ነክሶበት እንደነበር አገር ያውቃል።»

ሹፌሩ ተጠራ። ቅዳሜ መኪናው ጋራዥ ቆሞ ነበር፤ መካኒኩም ይህንኑ አረጋገጠ። ዓሣው ጭራሽ አልተጫነም። የዲላ ፖሊስም የስልክ ቤቶችን ዞሮ የተሸጠ ስልክ አላገኘም። ታቢታ ይህን ስትነግረው ኮማንደሩ ተናደደ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም።

«ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ሬሳውን እንድንሰጠው እየለመነ ነው። የሚያስቀር ነገር ካለሽ ከዚያ በፊት አምጪ።»

*

ያቤጽ ጥርሱን የተነቀለበት ክሊኒክ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ያለ ንጹሕ ቤት ነው። ረቡዕ ጠዋት ታቢታ ማስቲካዋን እያኘከች ደረጃውን ወጣች። ዶክተር ሮዳስ ወጣት ናት፤ ስትናገር እጇ አያርፍም።

«ያቤጽን አስታውሰዋለሁ። አጎቱ እጁን ይዞት ነበር፤ ከሁለቱ ማን የበለጠ እንደፈራ አላውቅም። ከታች በግራ፣ የመጀመሪያውን ትልቁን መንጋጋ ነው የነቀልኩለት። ምን ሆነ?»

«ይኼን እዪልኝ» ብላ ታቢታ ፎቶውን ሰጠቻት።

ሮዳስ አየችው። አሰፋችው። አዙራም አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ታቢታን እንጂ ስልኩን ማየት ተወች።

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚያኝኩት አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ከገቡ ጀምሮ ማስቲካው አንዴም ወደ ግራ አልዞረም። እስቲ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ነገሩን በእርስዎ አፍ ላሳይዎት።»

ታቢታ ወንጀለኛ አትፈራም። የጥርስ ሐኪም ወንበር ግን ሌላ ነገር ነው። ማስቲካዋን በሶፍት ጠቅልላ ተቀመጠች፤ አፏን ከፈተች። ሮዳስ ትንሿን መስታወት አስገብታ በሌላ መስታወት አሳየቻት።

«ይቺን መቼ ነው ያስነቀሉት?»

«ፖሊስ ኮሌጅ ሳለሁ። አሥር ዓመት ሳያልፈው አይቀርም።»

«ለምን አላስተከሉም?»

«የኋላ ጥርስ ማን ያየዋል ብዬ ነዋ!»

ሮዳስ ሳቀች። «ሁሉም እንደዚህ ይላል። የፊት ጥርስዎ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይመጡ ነበር። የፊት ጥርስ እኮ ቢላ ነው፣ ይቆርጣል፤ ክራንቻ ደግሞ ይይዛል፣ ይዘነጥላል። ቁርጥ ሲበሉ የሚያገለግልዎት እሱ ነው። ወፍጮው ግን ኋላ ነው ያለው። ሰው ወፍጮውን ዘግቶ ቢላውን ይስላል! ከዚያ ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ያልተፈጨ እህል እየላከበት።»

«እሺ፣ እሱስ ገባኝ…»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ተጣቦ ተቀምጦ አንዱ ቢወርድ ምን ይሆናል?»

«ሌሎቹ ይዘረጋጋሉ።»

«ጥርስም እንደዚያው ነው። እዩት፣ ከክፍትዎ ኋላ ያለው ወደ ፊት አዝምሟል። ከላይ ያለው ደግሞ የሚገጥመው ስላጣ ወርዷል። ሥራ የፈታው ጎን ራሱን አያጸዳም፣ ቆሻሻ ይጠጥርበታል፤ ሥራ የበዛበት ጎን ይፋቃል። ጥርስ ጎረቤት ይፈልጋል ኢንስፔክተር። አንዱ ሲሄድ የሚጎዳው ቦታው ብቻ አይደለም።»

ታቢታ በመስታወቱ ውስጥ የራሷን መንጋጋ አየች፤ ያዘመመ፣ እንደ ሰካራም ወደ ፊት የተደፋ። ትናንት በሟቹ አፍ ውስጥ ያየችው ያንኑ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለዓመታት አፏ ውስጥ ተሸክማ መኖሯ ገረማት፤ ማፈርም አፈረች።

«ይኼ ሁሉ በስንት ጊዜ ነው የሚሆነው?» አለች መስታወቱን ገፋ አድርጋ።

ሮዳስ ፎቶውን ከመስታወቱ ጎን ያዘችው። «ዓመታት ይፈጃል። ይኼ ሰው ጥርሱን ካጣ እንደ እርስዎ ብዙ ዘመን አልፎታል። ያቤጽን የነቀልኩት ደግሞ ከጥምቀት በኋላ፣ ገና ትናንት። የእሱ ጎረቤት ጥርሶች ቀጥ ብለው ነው የቆሙት፣ ጉድጓዱም ገና አልሞላም። ይኼ እኔ የነቀልኩበት አፍ አይደለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ፍርድ ቤት ጥሩኝና ልማል።»

ታች ሱሌይማን ባጃጅ ላይ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር። ስትነግረው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስለዚህ ያቤጽ አልሞተም?»

«እሱን አላውቅም። የማውቀው ሆስፒታል የተኛው እሱ አለመሆኑን ነው። ሱሌይማን፣ አንድ ሰው ሞቶ ሰንብቷል፤ ጠፋብን ብሎ የመጣ ግን የለም።»

ስልክ ደውላ ለኮማንደሩ ነገረችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮማንደሩ ሞኝ አልነበረም፣ ግን ከትናንት ጀምሮ የያዘውን ይዟል። «በአንድ ጥርስ ቀብር አላስቆምም» አላት። «ያቤጽ ካልሆነ ማን እንደሆነ ስሙን አምጪልኝ።»

*

ታቢታ አሞራ ገደል ደርሳ ዓሣ መጥበሻዎቹ ዘንድ ተቀመጠች። ማን ጠፋ ብላ ብትጠይቅ ሁሉም ያቤጽ እንደሚል ታውቃለች። ስለዚህ ጥያቄዋን ከሌላ በኩል አመጣችው። የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዘች፣ አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እዚህ ገበያ ውስጥ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያኝክ ሰው ማነው?»

ሰዎቹ ተያዩና ሳቁ። ዓሣ የምትጠብሰው ሙሉጌጥ ጭልፋዋን አንስታ፣ «ሽበሺ ነዋ!» አለች። «ጥብስ ብሰጠው ሾርባ አምጪ ነው የሚለኝ። ሸንኮራ ሲበላማ አንገቱን አጋድሎ በቀኝ ብቻ ነው። በግራህ ምን ደብቀሃል እያልን ነው የምናበሽቀው።»

«ሽበሺ ማነው?»

«የጋሼ በኃይሉ ጀልባ ላይ የሚሠራው። መረብ ይጎትታል፣ ውኃ ይቀዳል። አገሩ ሩቅ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለውም።»

«አሁን የት ነው?»

«እናቱ ታማ አገሩ ሄደ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጋሼ በኃይሉ።»

«ሲሄድ ያየው ሰው አለ?»

ሳቁ ቆመ። ሙሉጌጥ ጭልፋዋን አስቀመጠች። ጥግ ላይ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ቀና ሳይሉ በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር ተናገሩ። የእናቷ ቋንቋ ስለሆነ ታቢታ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ሽማግሌው ያሉት፣ «አገሩ የሚሄድ ሰው ጫማውን ትቶ ይሄዳል?» ነው።

ተነሥተው አሳዩዋት። ሽበሺ የሚያድርባት የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ጥቁር ቆዳ ጫማው ተወልውሎ፣ ካልሲው ውስጡ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለእሑድና ለመንገድ ብቻ የሚያደርገው ጫማ ነበር።

«ከመሄዱ በፊት ከማንም ጋር አልተጋጨም?» አለች ታቢታ፣ ወደ ሙሉጌጥ ተመልሳ።

«ከማንም። ዝምተኛ ልጅ ነው። ሐሙስ ዕለት ግን፣ ኤልናታንና ያቤጽ ከተጣሉ በኋላ፣ እዚህ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ቆየ። የመረቡን ነገር ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር እናገራለሁ አለኝ። ‹ኤልናታን እውነቱን ነው፤ መረቡን የምጎትተው እኔ ነኝ፣ ኃጢአቱ የኔም ነው› አለ።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምን ሆነ? ልጄ፣ ንገሪኝ፣ ሽበሺ ምን ሆነ?»

*

ታቦር ሰፈር፣ ወይዘሮ ተዋበች ደጅ ላይ ድንኳን ተተክሏል። መዘምራኑ ቀስ ያለ መዝሙር ይዘዋል። ከድንኳኑ ውጪ ጎረምሶች ተሰብስበው ያንሾካሽካሉ፤ ታቢታ ስታልፍ የኤልናታንን ስም ሰማች። ሬሳ የሚያመጣው መኪና ወደ ሆስፒታሉ ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቷል።

ወይዘሮ ተዋበች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያለቅሱ ከርመው ድምፃቸው አልቋል። ታቢታ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«እማማ፣ ሬሳውን አይተውታል?»

«አላሳዩኝም ልጄ። ወንድሜ ፊቱ ተበላሽቷል፣ አትዪው፣ ዓይንሽ ላይ ይቀራል አለኝ። ጃኬቱን ብቻ አሳዩኝ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ነገሩ እንዴት እንደተሳካለት ታቢታ ያን ጊዜ ገባት። ሐዘን ላይ እናትን ከሬሳ መከልከል ደግነት ነው፤ መርዶ አንዴ በሽማግሌ አፍ ከተነገረ ደግሞ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነውረኛ ነው። በዚህ ደግነትና በዚህ ይሉኝታ መሀል ሰው አንድ ሙሉ ሬሳ መደበቅ ይችላል። ተነሥታ በኃይሉን ፈለገችው። ከድንኳኑ ኋላ፣ ግንቡ ጋ፣ ብቻውን ቆሞ አገኘችው።

«ጋሼ በኃይሉ፣ ሽበሺ አገሩ ሲሄድ በባዶ እግሩ ነው የሄደው?»

በኃይሉ ዞሮ አያት። 

«ሽበሺ… እናቱ…»

«ሬሳው ሽበሺ ነው። እርስዎ ጥርስ የሌለበት ቦታ ሁሉ አንድ ነው ብለው ነው። ሁለቱም ከታች በግራ፣ ሁለቱም አንድ መንጋጋ። የያቤጽ ግን ገና ቁስል ነው፤ ኤልናታን ሲመታው ደም ተፍቷል። የሽበሺ ያረጀ ነው፤ ጥርሶቹ ተጋድመው ቦታውን ሊዘጉት ደርሰዋል። ያንን ለመሥራት ዓመታት ይፈልጋል፤ ቢቸኩሉም አይሆንም። ‹አፉን ክፈቱ› ባይሉኝ ኖሮ እኔም አልከፍትም ነበር።»

ሰውየው ግንቡን ይዞ ቀስ እያለ መሬት ተቀመጠ።

«እንዲሞት የፈለገ የለም» አለ በመጨረሻ። «ዓርብ ሊመሽ ሲል መረቡን እናገራለሁ ብሎ ጀልባው ላይ ተነሣ። ያቤጽ ንዴቱን ታውቂዋለሽ፤ በመቅዘፊያው መታው። አንዴ ነው። ወደ ሐይቁ ወደቀ። ጎትተን ስናወጣው አልቆለት ነበር።»

«ጃኬቱስ?»

«እኔ ነኝ አልብሼ መልሼ ውኃ ውስጥ የጣልኩት። የሞተን ሰው ፖሊስ አይፈልገውም አልኩ። ሰክሮ ሰጠመ ይባላል፣ ያልፋል አልኩ። ሽበሺ ደግሞ ጠያቂ የለውም…»

«ኤልናታን ሲታሰርስ? ቤቱን እናቃጥላለን እያሉ እኮ ነው! ሚስቱ እርጉዝ ናት!»

«እፈታዋለሁ ብዬ ነበር… መንገድ ሳስብ ነበር…»

«እህትዎስ?»

በኃይሉ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሲረጋጋ ልነግራት ነበር። ልጇ ታስሮ ከምታይ…»

«ያቤጽ የት ነው?»

«ዲላ። የሚስቴ ወንድም ቤት።»

ከኋላዋ ተከትሏት የመጣው ሱሌይማን ለዲላ ፖሊስ ሊደውል ወዲያው ስልኩን አወጣ። ታቢታ ዲላ ላይ ለአፍታ ተከፍቶ የተዘጋውን ስልክ አሰበች። ያቤጽ ምን ፈልጎ ከፈተው? ምናልባት የእናቱን ድምፅ መስማት አምሮት ይሆናል። አሳዘናትም፣ አናደዳትም።

ኮማንደሩ ጋ ደወለች። ስሙን ነገረችው። «ኤልናታንን አሁኑኑ እለቀዋለሁ» አለ፤ «የሬሳ መኪናውን አስቁሚው።»

*

ከሁሉም የከበደው ወደ ድንኳኑ መመለስ ነበር። ታቢታ ብዙ መርዶ ተናግራለች፤ እንዲህ ያለውን ግን እንዴት እንደሚጀምሩት አታውቅም። ዳግም ተንበረከከች።

«እማማ፣ ያቤጽ አልሞተም። በሕይወት አለ፤ ዲላ ነው።»

መዝሙሩ ተቆረጠ። ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ጎረምሶቹ እየሮጡ ገቡ። አንዱ፣ «ድንኳኑን ንቀሉት! ምን ታደርጋላችሁ፣ ንቀሉት እንጂ!» እያለ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ወይዘሮ ተዋበች የታቢታን ሁለት እጅ ይዘው ይስማሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ድንገት ቆሙ።

«አንቺ ለምንድነው የማትስቂው?»

ታቢታ ዓይኗን ሰበረች።

«ልጄ ካልሞተ፣ የልጄን ጃኬት ለብሶ የተኛው ማነው?»

«ሽበሺ ነው እማማ። ጀልባው ላይ የሚሠራው።»

«ምን አግኝቶት ሞተ?»

እልልታው ተራ በተራ ጠፋ። ታቢታ መዋሸት አልቻለችም። በዝቅታ ነገረቻቸው፤ መቅዘፊያውን፣ ጃኬቱን፣ ማን እንደመታና ማን እንዳለበሰ። ወይዘሮ ተዋበች እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ዓይናቸውን ድንኳኑ አፍ ላይ፣ በሱሌይማን እጅ ወደ ቆመው ወንድማቸው መለሱ።

«እኔ ቤት በልቷል» አሉ። «እሑድ እሑድ ያቤጽ ይዞት ይመጣ ነበር። በአንድ ጎኑ እያኘከ ሲቸገር አይቼ ሥጋውን አለስልሼ፣ ዶሮውን ከአጥንቱ ለይቼ ነው የማቀርብለት። እማማ ይለኝ ነበር።» ድምፃቸው የለም ሲባል ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጮኹ። «በኃይሉ! ነፍሱን ወሰዳችሁበት፤ ስሙን ምን ብላችሁ ወሰዳችሁበት? በልጄ ስም ልታስቀብሩኝ ነበር? እናቱ አንድ ቀን ልጄ ይመጣል ብላ እስክትሞት በር በሩን ስታይ ልትኖር ነበር?»

በኃይሉ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

ገመዱን ይፈታ የነበረው ጎረምሳ እጁ እንደያዘው ቀረ። ወይዘሮ ተዋበች ወደ እሱ ዞሩ። «እሰረው፤ መልሰህ እሰረው። እናቱ እስክትመጣ ድንኳኑ ከዚህ አይነቀልም። ሬሳውም እሷ ሳታየው አይቀበርም። እኔ ያልተፈቀደልኝን እሷ ታየዋለች።» ለታቢታ ደግሞ፣ «ልጄን አምጪው። አልደብቀውም፣ ለእሱም አልለምንሽም። ብቻ ከማሰርሽ በፊት እዚህ አምጥተሽ አሳዪው፤ ማንን እንደገደለ ይወቅ» አሏት።

ከዚያ ፍራሻቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ደረታቸውን መቱ።

«ሽበሺ! የሰው አገር ልጄ፣ ሽበሺዬ!»

መጀመሪያ ብቻቸውን ነበሩ። ቀጥሎ ሙሉጌጥ፣ ከገበያ ድረስ ሮጣ የመጣችው፣ አጠገባቸው ወደቀችና ስሙን ጠራች። ሴቶቹ እንባቸውን የጠረጉበትን ነጠላ መልሰው ወደ ፊታቸው አመጡት። ገና ጠዋት ያቤጽ እያሉ ያለቀሱ ሁሉ ሽበሺ ማለት ጀመሩ፤ ፊቱን የማያውቁት እንኳ። ታቢታ መሄድ ነበረባት፤ ዲላ የሚሄደው መኪና እየጠበቃት ነው። ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠችና አብራቸው አለቀሰች።